ፖርት ወይስ የገበታ ወይን? ከኒፖርት ቤት የትኛውን ልግዛ ለምትሉ

የፖርቹጋሏ ከተማ ፖርቶ የሄደ ሰው ወይም እዚህ አውሮፓ ሱቅ ውስጥ የፖርት፣ ማለትም የጣፋጩና የጠንካራው የፖርቹጋል ወይን፣ መደርደሪያ ፊት ቆሞ የሚደውል ጓደኛ ሁሌ የሚጠይቀኝ "የቱ ይሻላል?" ብሎ ነው፣ እኔ ደሞ መልሼ ስንት ሰው ነው የሚጠጣው፣ ከምግብ ጋር ነው ከምግብ በኋላ፣ ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላስ ስንት ቀን ይቀመጣል ብዬ ነው የምጠይቀው። ብዙ ሰው ፖርት ላይ የሚከስረው ጥሩ ጠርሙስ ለማይሆን ቦታ ሲገዛ ነው፣ ውድ ቪንቴጅ (የአንድ ምርጥ ዓመት ምርት የሆነ ፖርት) ለብቻው ከፍቶ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ የቀረውን ፍሪጅ ውስጥ ለሦስት ሳምንት ሲያስቀምጠው ማለት ነው። እዛ ጋ ርካሽ ቶኒ (በርሜል ውስጥ ያረጀ ፖርት) ቢገዛ በጣም ይሻለው ነበር።

ንጽጽሩን በአንድ ቤት፣ ማለትም በአንድ ወይን አምራች፣ ብቻ ልሥራው። ብዙ ብራንድ ከደረደርኩላችሁ የቤቶቹን ልዩነት ነው እንጂ የወይኑን ዓይነት ልዩነት አታዩም። የመረጥኩት ኒፖርትን ነው። ከ1842 ጀምሮ ያለ ቤት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ከሆላንድ የመጣ ቤተሰብ የመሠረተው፣ እስከ ዛሬም በዛው ቤተሰብ እጅ ያለ። አሁን ስሙ የሚነሳው 5ኛው ትውልድ ዲርክ ኒፖርት ነው፣ ልጆቹም ሥራው ውስጥ ገብተዋል። ከሱ በፊት ቤቱ ዋና ሥራው ከገበሬ ወይን ገዝቶ አስረጅቶ መሸጥ ነበር፣ የራሱ እርሻ አልነበረውም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ኪንታ ደ ናፖሌስ የሚባለውን እርሻ ገዙና የገበታ ወይን (ከምግብ ጋር የሚጠጣው የተለመደው ወይን) ውስጥም በደንብ ገቡ። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ፖርቱንም የገበታ ወይኑንም በከፍተኛ ደረጃ ታገኛላችሁ፣ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ የለም።

መጀመሪያ ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ ግልጽ ይሁን። ወይኑ የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው፣ ሰሜን ፖርቹጋል ውስጥ ካለው የዶውሮ ወንዝ ሸለቆ። ድንጋያማ፣ ገደል የሆነ፣ እርከን በእርከን የተሠራ አገር ነው፣ የአካባቢው ሰው ራሱ 9 ወር ብርድ 3 ወር ሲኦል ይለዋል። ፖርት የሚሠራበትን ክልል ድንበር የከለሉት በ1756 ነው፣ ማርኬዝ ደ ፖምባል በሚባለው ሚኒስትር ዘመን፣ ዩኔስኮም በ2001 የሸለቆውን ላይኛውን ክፍል በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዘሩም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፣ ቱሪጋ ናሲዮናል፣ ቱሪጋ ፍራንካ፣ ቲንታ ሮሪዝ ምናምን፣ አሮጌዎቹ እርሻዎች ላይ ደሞ ብዙ ዓይነት ተደባልቆ ተተክሎ ነው የሚገኘው።

ልዩነቱ የሚመጣው መፍላቱ ላይ ነው። የገበታ ወይን ሲሆን እርሾው ስኳሩን በልቶ እስኪጨርስ ይተውታል፣ ስለዚህ ድራይ (ጣፋጭ ያልሆነ) ይሆናል፣ አልኮሉም 13 ከመቶ አካባቢ ነው። ፖርት ሲሆን ግን ስኳሩ ግማሽ ገደማ ላይ ሲደርስ 77 ከመቶ የሆነ ከወይን የወጣ ጠንካራ አልኮል ይጨምሩበታል። እርሾው ይሞታል፣ የቀረው ስኳር እዛው ይቀራል። የሚጨመረው ቀላል አይደለም፣ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ውጤቱ ጣፋጭና 20 ከመቶ አካባቢ አልኮል ያለው ወይን ነው። መፍላቱ አጭር ስለሆነ ቀለሙና ጣዕሙ ከቆዳው ቶሎ መውጣት አለበት፣ ለዛ ነው እስከ ዛሬ ጥሩ ጥሩው ፖርት ላጋር በሚባል ሰፊ የድንጋይ ገንዳ ውስጥ በሰው እግር የሚረገጠው።

እዚህ ላይ አገር ቤት አክሱሚት ለለመደ ሰው አንድ ነገር ልናገር። ጣፋጭ ነው ሲባል አክሱሚት በሚጠጣበት ልክ ትልቅ ብርጭቆ ሞልታችሁ እንዳትቀዱ። አንድ የፖርት ጠርሙስ ውስጥ ያለው አልኮል አንድ ተኩል የገበታ ወይን ጠርሙስ ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው፣ ጣፋጭነቱ ስለሚሸፍነው ደሞ አይታወቅም። ትንሽ ብርጭቆ፣ ከ60 እስከ 75 ሚሊ፣ በቃ። ለገዢ ይሄ ጥሩ ዜና ነው እኮ፣ ምክንያቱም አንድ ጠርሙስ ፖርት ለ10 እና ለ12 ሰው ይደርሳል፣ የገበታ ወይን ግን 5 ወይም 6 ብርጭቆ ቢወጣው ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ ይሄንን አስቡ፣ መደርደሪያ ላይ ውድ የመሰላችሁ ፖርት በሰው ሲካፈል ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው።

ሩቢ ወይስ ቶኒ

ቀይ ፖርት ሁለት ወገን አለው፣ ሩቢና ቶኒ፣ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው የሚቆረጠው። ሩቢው ትልልቅ ዕቃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ አየር እንዳያገኘው፣ ቀለሙና የፍሬው ጣዕም እንዳለ እንዲቆይ። ቶኒው ደሞ ትናንሽ በርሜል ውስጥ፣ ባህሉ 550 ሊትር ገደማ ነው፣ በእንጨቱ በኩል ቀስ እያለ አየር እየገባበት ውሃውና አልኮሉም እየተነነ ዓመት ይቆጥራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ብርጭቆውን አዘንብሉት፣ ሩቢው እስከ ጫፉ ድረስ ወይን ጠጅ ቀለም ነው፣ የ10 ዓመቱ ቶኒ ጫፉ ላይ ብርቱካናማ ይሆናል፣ የ20 ዓመቱ ደሞ መሀሉም ጭምር ወደ ቡናማ ወርቅማ ሄዷል። ሽታውም እንደዛው ነው፣ ሩቢው ብላክቤሪ፣ ፕለም፣ ትንሽ ቸኮሌት፣ ቶኒው ደሞ የተቆላ ለውዝ፣ ዘቢብ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀረፋ፣ ካራሜል።

ለብዙ ሰው ቤት ቶኒ ነው የሚሻለው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም አየሩን ዕድሜ ልኩን ሲለምደው የኖረ ወይን ስለሆነ ተከፍቶ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ወር ከዛም በላይ ጣዕሙ ብዙ ሳይሄድ ይቆያል። ሩቢ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ትንሽ ትንሽ የሚቀዳበት ቤት ከሆነ የ10 ዓመት ቶኒ ግዙና ሌላውን እርሱት። ከቡና ጋር ደሞ ሞክሩት፣ ከምሳ በኋላ አቦል ሲቀርብ ቀዝቀዝ ያለ ቶኒ አጠገቡ ሲቀመጥ የቆሎውና የለውዙ ጣዕም እንዴት እንደሚነሳ ታያላችሁ። ቀዝቀዝ ያልኩት ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ማለቴ ነው፣ በቤት ሙቀት ሲቀርብ አልኮሉ አፍንጫ ላይ ይመታል፣ ብዙ ሰው ፖርት ከባድ ነው የሚለው ሞቆ ስለቀረበለት ነው።

10 ወይስ 20 የሚለው ደሞ አለ። ቁጥሩ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጠብታ ሁሉ 10 ዓመት ሆኖታል ማለት አይደለም፣ የተለያየ ዕድሜ ያለው ወይን ተደባልቆ የ10 ዓመት ቶኒ ባህርይ እንዲኖረው ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ ለዚህም ፖርትን የሚቆጣጠረው የዶውሮና የፖርት ወይን ኢንስቲትዩት ቀማሾች ናቸው የሚያጸድቁት። የ20 ዓመቱ ብዙ ሱቅ ላይ እጥፍ ገደማ ያስከፍላል። ይገባዋል ወይ? ለብቻው በዝግታ ለሚጠጣ አዎ፣ አፍ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ራሱ ሌላ ነው፣ ፍሬው ለቆ ለውዙና ቅመሙ ከፊት ይመጣል፣ ጣፋጭነቱም ከአሲዱ ጋር ተመጣጥኖ አይከብድም። ከኬክና ከቸኮሌት ጋር ለመጠጣት ከሆነ ግን ኬኩ ይበላዋል፣ 10ሩ ይበቃል። 30 እና 40 የሚለውን ለመጀመሪያ ገዢ አልመክርም፣ በጣም የጠነከረ ነገር ነው፣ 20ውን ከወደዳችሁ በኋላ ድረሱበት።

ኮልዬይታ የሚባል ደሞ ታያላችሁ፣ ይሄ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ የሆነ ቶኒ ነው፣ ቢያንስ 7 ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ፣ ብዙውን ጊዜ ከዛ በላይ። ኒፖርት በኮልዬይታ በጣም የተከበረ ቤት ነው። ስጦታ ለምትፈልጉ ይሄ ነው ምርጫዬ፣ ልጅ የተወለደበት ወይም የተጋቡበት ዓመት ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው እንግዲህ)፣ ከቪንቴጅ በተለየ ደሞ የተቀበለው ሰው ያኔውኑ ሊከፍተው ይችላል፣ መጠበቅ የለበትም፣ አተላ ማጥለል የለበትም።

ኤልቢቪ ወይስ ቪንቴጅ

ሁለቱም የሩቢ ወገን ናቸው፣ ሁለቱም የአንድ ዓመት ምርት ናቸው፣ ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው። ቪንቴጅ በጣም ጥሩ በሆነ ዓመት ብቻ ነው የሚወጣው፣ ቤቱ ራሱ ነው የሚያውጀው፣ ለምሳሌ 2011ን እና 2017ን ብዙ ቤቶች አውጀዋቸዋል። ከለቀማው በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሳይጣራ ይታሸግና ቀሪውን ዕድሜ ጠርሙስ ውስጥ ነው የሚጨርሰው፣ 20፣ 30፣ 40 ዓመት። ኤልቢቪ (ሌት ቦትልድ ቪንቴጅ፣ ዘግይቶ የታሸገ ቪንቴጅ ማለት ነው) ግን ከ4 እስከ 6 ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቶ ነው የሚታሸገው፣ ሱቅ ሲደርስ ለመጠጣት ዝግጁ ነው።

ወጣት ቪንቴጅ ገዝቶ ዛሬውኑ መክፈት ይቻላል፣ ክልክል አይደለም፣ የፍሬው ጉልበት የሚያስደንቅ ነው፣ ግን ታኒኑ፣ ከወይኑ ቆዳና ፍሬ የሚመጣው አፍ የሚይዘው ነገር፣ አፍ ያደርቃል፣ ከከፈላችሁት ገንዘብ ግማሹን ነው የምታገኙት። በዛ ላይ ያረጀ ቪንቴጅ ከተከፈተ አንድ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ነው ዕድሜው። ስለዚህ ቪንቴጅ ለማን ነው፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ላይ ጠርሙሱን አስተኝቶ ዓመታት መታገስ ለሚችል እና ሲከፍት ስምንት አሥር ሰው ጠርቶ በአንድ ምሽት ለሚጨርስ። ለሌላው ኤልቢቪ ነው። ኤልቢቪ ስትገዙ ሌብሉ ላይ ያልተጣራ መሆኑን ፈልጉ፣ ያልተጣራው ረጅም ቡሽ አለው፣ የቪንቴጁን ባህርይ በትንሽ ዋጋ ይሰጣችኋል፣ ጥቂት ዓመትም ማስቀመጥ ይቻላል። አናቱ ላይ የፕላስቲክ ቆብ ያለው አጭር ቡሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተጣራ ነው፣ ለዛሬ ነው እንጂ ለማስቀመጥ አይደለም። ከተከፈተ አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያል። ጥቁር ቸኮሌት ካለ ኤልቢቪ፣ ሰማያዊ ሻጋታ ያለው ፎርማጆ ካለ ቪንቴጅም ኤልቢቪም ይሄዳል፣ የፎርማጆው ጨውና የወይኑ ስኳር ሲገናኙ ለብቻቸው የሌለ ጣዕም ይመጣል።

ያረጀ ቪንቴጅ እጃችሁ ከገባ አከፋፈቱን እዩት። ከአንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ አተላው ቂጡ ላይ ይተኛል። ቡሹ ሊፈርስ ስለሚችል ቀስ ብላችሁ ሳታነቃንቁ አውጡት። ከዛ ንጹህ የብርጭቆ ጆግ ውስጥ በአንድ ጉዞ ሳታቋርጡ ቅዱ፣ ከአንገቱ ስር የስልክ መብራት አብሩ፣ መጀመሪያ ጥርት ብሎ ነው የሚወርደው፣ ከዛ እንደ ጭስ ያለ ነገር ወደ ጠርሙሱ ትከሻ ሲመጣ ይታያችኋል፣ እዛ ላይ አቁሙ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችው ትንሽ ነገር አታሳዝናችሁ፣ እሷ ከገባች ሙሉው ጆግ ነው የሚደፈርሰው።

ስለ ጋራፌይራ በአጭሩ፣ ምክንያቱም የኒፖርት መለያ ስለሆነ። በርሜል ውስጥ ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ ሆዳቸው ትልልቅ የሆኑ የብርጭቆ ዕቃዎች ውስጥ ቢያንስ ሌላ 8 ዓመት፣ ብዙ ጊዜ አሥርት ዓመታት፣ የሚቀመጥ ፖርት ነው። የቪንቴጅ ትኩስነትና የቶኒ ልስላሴ አንድ ላይ አለው። በጣም ውድ ነው፣ የመቅመስ ዕድል ካገኛችሁ እንዳታልፉት፣ ለመግዛት ግን መጀመሪያ የምትደርሱበት ጠርሙስ አይደለም።

ነጭ ፖርት ደሞ ለሌላ ሰዓት ነው። ከምግብ በፊት፣ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ወይ ለብቻው ወይ በረዶና ቶኒክ ተጨምሮበት ከብርቱካን ቁራጭ ጋር። ፖርቶ ላይ በበጋ ማታ ይሄንን ነው ሰው የሚጠጣው። ለዚህ ውድ ጠርሙስ አያስፈልግም።

የገበታ ወይኖቹ

ዶውሮ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ጥሩው ወይን ሁሉ ወደ ፖርት ነበር የሚሄደው፣ ድራይ ወይን ለቤት የሚጠጣ ነገር ነበር። 1952 ላይ ፌሬይራ የሚባለው ቤት ባርካ ቬልያ የሚባለውን ቀይ ወይን አወጣና ከዚህ ሸለቆ ትልቅ ድራይ ቀይ እንደሚወጣ አሳየ፣ ግን ሌሎቹ በብዛት የተከተሉት ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። ኒፖርት ከቀደሙት ውስጥ ነው፣ ሬዶማ የሚባለው ወይኑ የመጀመሪያው ቀይ የ1991 ምርት ነው።

የቤቱ የመግቢያ ቀይ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ጀርመን ያላችሁ ፋበልሃፍት በሚል ስም ታገኙታላችሁ፣ እንግሊዝ ድሪንክ ሚ፣ ፖርቹጋል ዲያሎጎ፣ ለየአገሩ ሌላ ስም፣ ሌላ አስቂኝ ሥዕል ነው የሚለጠፍበት። ስለዚህ አንዱን ቀምሳችሁ ከወደዳችሁ ሌላ አገር ስትሄዱ የጠርሙሱን ስም ሳይሆን የኒፖርትን ስም ፈልጉ። ቀለል ያለ፣ ፍሬው ከፊት ያለ፣ ለረቡዕ እራት የሚሆን ወይን ነው። ቨርቴንቴ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፣ ለስላሳ፣ በርሜሉ የሚታወቅ ግን የማይጫን፣ ለብዙ ሰው ከዋጋው አንጻር የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው።

ሬዶማ ቀዩ ከቨርቴንቴ ጋር ሲተያይ ፊቱን ቶሎ አያሳይም። አሮጌ እርሻ ነው፣ ድንጋዩ ድንጋዩ ይላል፣ አሲዱ ጠንካራ ነው፣ ወጣት ሲሆን ምላስ ይይዛል። ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ዓመት ለሰጠው ሰው ግን ቨርቴንቴ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። ከዛ በላይ ባቱታና ሻርም አሉ፣ እነዚህን ሁለቱን የሚያወዳድር ሰው ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል ምክንያቱም ከአንድ ሸለቆ የወጡ ፍጹም የማይመሳሰሉ ናቸው፣ ባቱታ ከቆዳው ጋር ረጅም ጊዜ ቆይቶ የተሠራ፣ ጥልቅ፣ ዓመታት የሚፈልግ፣ ሻርም ደሞ ከነዘለላው ላጋር ውስጥ ተረግጦ የሚሠራ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ ሽታው ብርጭቆውን የሚሞላ። ከባድ ቀይ ማለት ጥሩ ቀይ ማለት ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ሻርምን ማቅመስ እፈልጋለሁ።

ነጩን ግን እንዳትዘሉት። ሬዶማ ብራንኮ ከፍ ካለ ቦታ ካሉ አሮጌ እርሻዎች ነው የሚመጣው፣ ራቢጋቶ፣ ኮዴጋ ምናምን የሚባሉ የአገሩ ዘሮች ናቸው፣ በርሜል ውስጥ ፈልቶ ነው የሚወጣው። እንደዛ በሙቀት ከሚነድ ሸለቆ እንደዚህ ያለ ጥርት ያለ አሲድ መምጣቱ ይገርማል። የቤቱን ሁሉንም የገበታ ወይን አሰልፈው አንድ ውሰድ ቢሉኝ ብዙ ቀን እሱን ነው የማነሳው።

ከእኛ ምግብ ጋር

በርበሬና ታኒን አይስማሙም። ዶሮ ወጥ ላይ ጠንካራ ቀይ ስታቀርቡ ወጡ የበለጠ ያቃጥላል፣ ወይኑም ይመራል፣ ሁለቱም ይጎዳሉ። ለዶሮ ወጥ ወይ ሬዶማ ብራንኮ ወይ ትንሽ ፍሪጅ ገብቶ የወጣ ፋበልሃፍት ይሻላል። ክትፎ ሌላ ነው፣ ቅቤው ታኒኑን ያለሰልሰዋል፣ ሚጥሚጣው ካልበዛ ሬዶማ ቀዩ በጣም ይሄዳል፣ ጥብስም እንደዛው። ፖርትን ግን ከወጥ ጋር አታቅርቡ፣ ጣፋጩና ቅመሙ ተደራርበው ሰው ሁለተኛ ብርጭቆ አይፈልግም። መሶቡ ከተነሳ በኋላ ነው ሰዓቱ። ለገና ወይ ለፋሲካ ጠሪ ቤት ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ጠርሙስ ብቻ ከሆነ ስለዚህ የ10 ዓመት ቶኒ ያዙ፣ ባለቤቶቹ ያዘጋጁትን መጠጥ አይጋፋም፣ ያን ቀን ባይከፈት እንኳን አይበላሽም።

ሱቅ ውስጥ ስትሆኑ

የፖርት ጠርሙስ አንገት ላይ የኢንስቲትዩቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት መኖሩን እዩ፣ ከሌለ አትንኩት። ዕድሜ የተጻፈበት ቶኒና ኮልዬይታ የታሸገበት ዓመት ጀርባው ላይ ይጻፋል፣ ብዙ ሰው አያየውም። ቶኒ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ አይሻሻልም፣ ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት የ20 ዓመት ቶኒ ጎን ለጎን ካገኛችሁ በቅርብ የታሸገውን ውሰዱ፣ አቧራ የጠጣው ያረጀ መስሏችሁ እንዳትመርጡት። ቪንቴጅ ላይ ተቃራኒው ነው፣ ያረጀውን መግዛት ትችላላችሁ፣ ግን መስኮት አጠገብ መብራት ስር ቀጥ ብሎ ቆሞ የከረመ ከሆነ ቡሹ ደርቆ ይሆናል፣ ተኝቶ የተቀመጠ ካለ ባለሱቁን ከውስጥ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት።